የአፓርታማ ቪዲዮ እያያችሁ ቤት አትግዙ

ሰሞኑን ገዳሪፍ ውስጥ የሐበሻ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። አንዲት ልጅ ነጭ በነጭ የሆነ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደች «ባለ ሦስት መኝታ፣ ሁለት ሻወር፣ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ በትንሽ ቅድመ ክፍያ» ትላለች። አዲስ አበባ ነው። የምትራመድበት ክፍል ለማሳያ የተሠራ ነው፤ ሕንጻው ራሱ ገና ጉድጓድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከጎኔ የተቀመጠች እህት፣ አሥራ አራት ዓመት ጠዋት ማታ ሻይ ሸጣ ያጠራቀመችው አላት፣ «ወንድሜን ልኬ አንዱን ላስይዝ» አለች። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ሴራሚኩ ደስ ብሏት ነው።

ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ቡናውም ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። እዚያ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

እኛ የድንበር ነጋዴዎች ሰሊጥ ስንገዛ እጃችንን እስከ ጆንያው ሥር ሰደን እናያለን። አፈር አለው ወይ፣ እርጥበት አለው ወይ፣ ሚዛኑ ትክክል ነው ወይ እንላለን። ቤት ላይ ስንደርስ ግን ከላይ ያለውን አይተን እንከፍላለን። ስንት ክፍል ነው፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው ወይ፣ በሩ የውጭ ነው ወይ። ቤት ከቤት የሚወዳደረው በዚህ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው ወረቀቱ ነው፣ ቀጥሎ የቆመበት መሬት፣ ከዚያ ለባለቤቱ ምን እንደሚያስገባ። ሴራሚክ ገንዘብ ሲገኝ በማንኛውም ጊዜ ይነጠፋል።

ከራሳችን ደጅ ልጀምር። «ኪራይ ከምትከፍዪ እዚሁ ገዳሪፍ ግዢ» የሚሉኝ አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የካርቱሙ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ በተለይም ታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒ ከተያዘች በኋላ፣ ተፈናቃዩ ሁሉ ወደዚህ ጎርፎ የገዳሪፍ ኪራይ ምን እንደሆነ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። ስለዚህ ሐሳቡ ቢመጣ አልፈርድም። ግን በማን ስም? የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስደተኛ መሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዝ አይፈቅድም። ስለዚህ ሰዎቻችን ገንዘቡን ይከፍላሉ፣ ሸሃደት በሕሱ ግን በአንድ ሱዳናዊ ወዳጅ ስም ይወጣል። ወዳጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ስንቸገር ያበሉን እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሰው ይሞታል። ሲሞት ወራሾቹ የሚያውቁት ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ነው። እናንተ ደግሞ ችሎት ቆማችሁ «ገንዘቡ የኔ ነበር» ስትሉ ሕጉን እንደ ሸሻችሁ በራሳችሁ አፍ ትመሰክራላችሁ። ከካርቱም፣ ከጀሬፍና ከዴም፣ ቁልፍ ብቻ ይዘው የመጡ ወገኖቻችንን ተቀብለናል። ተከራይ የነበረው የከሰረው አልጋና ፍሪጅ ነው።

እንግዲህ ገዳሪፍ ላይ ተከራዩ። ስትከራዩም የቤቱን ዓይነት እወቁት። ይህ አገር መሬቱ ዋልካ ነው። ማሽላና ሰሊጥ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቀይ ጡብ ቤት መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ከጥቂት ክረምት በኋላ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይተረተራል። ጃሉስ የሚሉት የጭቃ ቤት ቀዝቃዛ ነው፤ ግን በየጊዜው ካልተመረገ ዝናቡ ይበላዋል። የቆርቆሮ ክፍል በሚያዝያ ሙቀት ምጣድ ነው። ልጆቻችን የሚያፍሩበት ጉጢያ፣ ያ ክቡ የሣር ጎጆ፣ ለሙቀቱም ለአፈሩም ከሁሉም የተስማማው እሱ ነው፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጠላቱ እሳት ነው፣ የከሰል ምድጃችሁን አርቁ። እኔ በበኩሌ ለክፍል ብዛት ሳይሆን ለሆሹ ስፋት ነው የምከፍለው፤ ዕቃ የሚያድረው ሆሹ ውስጥ ነው።

ይህን ያነሣሁት ጎጆ ለማሞገስ አይደለም። ድንበሩን ተሻግራችሁ መተማ ወይም ገንዳ ውኃ ስትገዙም ያው ጥቁር አፈር ስለሚጠብቃችሁ ነው። ደላላ ቤቱን የሚያሳያችሁ አዲስ ቀለም ቀብቶ ነው። እናንተ በመጋቢት፣ አፈሩ ሲደርቅ ሂዱና በሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱ ዝጉ። አልዘጋ ያለ በር ካለ መሠረቱ ሄዷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው መሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው። ይህ ያልገባው ሰው «ከገበሬ 300 ካሬ ገዛሁ» ብሎ ይፎክራል። ምንም አልገዛም። ከተማው ሲሰፋ ካሳ የሚከፈለው በደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ገበሬ ነው፣ የእናንተ ውል ደግሞ ከመጀመሪያውም ሕግ አያውቀውም። እዚያ ላይ በሌሊት የቆመ የጨረቃ ቤት ምን እንደሚደርስበት በየካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ ቤቶች ሲፈርሱ በቴሌቪዥን አይተናል። የቀበሌ ቤት «ቁልፍ» የሚሸጥላችሁም የሚሸጠው ተከራይነቱን ነው። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ ባለቤቱ መንግሥት ነው።

ካርታ ያለውም ሁሉ አንድ አይደለም። የሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት ቀረው፣ ስንት ያልተከፈለ ዕዳ አለበት በሉ። «ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም» ሲሏችሁ ደግሞ አትዘሉ፤ በአዋጅ 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ይህን ወጪ ዋጋው ውስጥ ያስገባ ደላላ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኮንዶሚኒየም የራሱ ወጥመድ አለው። በዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ስለማይችል ብዙው ግዢ በውክልና ነው። ገዢው ሙሉውን ይከፍላል፣ ሻጩ ውክልና ይሰጣል፣ ሁሉም ይሳሳማል። ውክልና ግን በማንኛውም ቀን ይሻራል፤ ሰጪው ሲሞት ደግሞ አብሮት ይሞታል። ሻጩ ጉንፋን በያዘው ቁጥር የምትደነግጡበት ቤት ምን ቤት ነው?

ወረቀቱ ንጹሕ ነው እንበል። ያኔም ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍልና በግቢ ውስጥ ያለ ቤት አይተካኩም። ለደመወዝተኛ ኮንዶሚኒየም መልካም ነው፣ አልክድም፤ ጥበቃ አለው፣ ጎረቤት አለው። ነጋዴ ግን አሥር ጆንያ በየት ደረጃ ያወጣል? ውኃ ከላይኛው ፎቅ ስትጠፋ ጀሪካን ማን ይሸከማል? በዲፕሎማዬ የተማርኩትን ሒሳብ በአጭሩ ልንገራችሁ፦ ኮንዶሚኒየሙን ወይ ትኖሩበታላችሁ ወይ ታከራዩታላችሁ። አጥሩ ላይ አንድ ሱቅ፣ ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍል ያለው ግቢ ግን እየኖራችሁበት ያስገባል። አንድ ተከራይ ቢወጣ ሁለቱ ይቀራሉ። ንግድ ሲበላሽ፣ እንደምታውቁት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ይበላሻል፣ ሱቁን ራሳችሁ ትከፍታላችሁ። ቤቱ ጭቃ ቢሆንስ? ይሁን። ካርታ ያለው የጭቃ ቤት ከዓመት ዓመት ወደ ብሎኬት ይቀየራል።

በቪዲዮ ወዳለው አፓርታማ ልመለስ። ያልተሠራ ቤት መግዛት ቤት መግዛት አይደለም፣ ለማታውቁት ሰው ማበደር ነው፤ ያውም ያለ ወለድና ያለ መያዣ። የአክሰስ ሪል ስቴት ደንበኞች ገንዘባቸውን ከፍለው ቤታቸውን ፍለጋ ስንት ዓመት እንደተንከራተቱ የሚያስታውስ የለም? የሚከራከሩኝ «ገንዘብ ይዞ መቀመጥም ኪሳራ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ከጦርነቱ በፊት ዶላር 600 ጊኒ አካባቢ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ 2,000ን አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅም ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ። ገንዘቡ ይቀልጣል። ግን ብር ሲወድቅ ሲሚንቶና ብረት ይወደዳል፣ ያኔ ሠሪው ውሉን ገልጦ «የዋጋ ማስተካከያ» የሚለውን አንቀጽ ያሳያችኋል። ቅልጠቱን የሸሻችሁት ወደ እሳቱ ነው። እስኪረከቡት ድረስ ደግሞ የገዳሪፉ ኪራይ አይቆምም።

«ታዲያ ጦርነት ባለበት አማራ ክልል ግዙ ልትይን ነው?» ተብያለሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዱ እንዴት እንደሆነ በመኪናው ላይ የምሄደው እኔው ነኝ፣ አትንገሩኝ። የምለው ወይ ገንዳ ውኃ ግዙ ወይ ጎንደር አይደለም። ዘመድ ያላችሁበት፣ ሄዳችሁ በዓይናችሁ የምታዩት፣ ከተማ ውስጥ ያለ፣ የቆመ ቤት ግዙ ነው። ዘንድሮ መሄድ ካልቻላችሁ ዘንድሮ አትግዙ።

በመጨረሻ የስም ነገር። ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ስምንት ዓመት ለወንድሜ ገንዘብ ልኬ ጎንደር ላይ ጥሩ ግቢ ገዛን። ካርታው በስሙ ወጣ፤ እህትና ወንድም ነን፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ። ወንድሜ ሌባ አይደለም። ተፋታ እንጂ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የኔ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ደረሰኝ አልነበረኝም፣ ገንዘቡን የምልከው በሰው እጅ ነበርና። ግቢው ተሸጦ ለሁለት ተካፈለ። ምራቴም የሕጓን ነው የወሰደችው፣ አልወቅሳትም።

ማድረግ የነበረብኝ ከባድ ነገር አልነበረም። ገዳሪፍ ላይ ቆንስላ አለን። ወንድሜ ቤቱን በኔ ስም እንዲገዛ ብቻ የሚፈቅድ ልዩ ውክልና እዚያ አስመስክሬ፣ አዲስ አበባ አረጋግጬ መላክ ነበር። ውሉ በደላላ ቢሮ ሦስት ምስክር ስለፈረመበት አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ባለሥልጣን ፊት እንዲሆን ይላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ገንዘቡ በባንክ ይሂድ።

እና አንቺ የቅዳሜዋ እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ቅድመ ክፍያውን ገና አትላኪ። የሚሰጡሽን ውል በስልክ ፎቶ አስልኪና ቅዳሜ ይዘሽልኝ ነይ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አብረን እናነበዋለን። ቡናውን ዛሬ እኔ አፈላለሁ።