ዝርዝሩ የመንግሥት፣ ምሳሌው የሰፈር

ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ማስተማር ወይም ከትምህርት ቤት መልስ መደገፍ የሚፈልጉ ወላጆች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የቱን መጽሐፍ ልግዛ?» የምኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ነው። ሴቷ ልጄ ሦስተኛ ክፍል፣ ወንዱ አንደኛ ክፍል ናቸው። የሚማሩት በፈረቃ ስለሆነ የቀኑን ግማሽ ከእኔ ጋር ያሳልፋሉ፤ ያንን ግማሽ ቀን አስተምራቸዋለሁ። ለጠያቂዎቼ የምመልሰው «ገና ምንም አትግዙ» ብዬ ነው። መጀመሪያ ልጁ በዚያ ክፍል ምን ማወቅ እንዳለበት የሚዘረዝረውን ገጽ ፈልጉ።

ገጹ አለ። ለየክፍሉና ለየትምህርቱ በሚዘጋጀው መርሐ ትምህርት ውስጥ «አነስተኛ የመማር ብቃት» ተብሎ ሰፍሯል። ከመምህራንና ከባለሙያዎች እጅ ወጥቶ ወላጅ ዘንድ ሲደርስ ግን አላየሁም። ወላጅ የሚያውቀው መጽሐፉን ነው፤ እሱንም ካገኘ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ በጊዜው ስላልደረሰ፣ ስንቱ ቤተሰብ በቴሌግራም በተላከ ፒዲኤፍ ተማረ። የስልክ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሙሉውን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ማስጠረዝ ደግሞ የሁሉም ኪስ አይችለውም። ዝርዝሩ በእጁ ያለ ወላጅ ግን የሚያስፈልገውን ጥቂት ገጽ ብቻ አሳትሞ የቀረውን ከሰፈሩ ሊያወጣው ይችላል።

ማካፈልን እንውሰድ። ልጄ መጽሐፉ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በደንብ ትሠራለች፤ «ቀሪ» የሚባለው ነገር ግን ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባትም ነበር። ጎረቤታችን ስፌት የሚሰፉ እናት ናቸው። አንድ ቀን ከአጠገባቸው አስቀመጥኳት። የሐረር ስፌት ከመሀል ተጀምሮ ዙር በዙር እየሰፋ ይሄዳል፤ ጥለቱ በዙሩ ላይ እኩል እኩል ቦታ ይዞ መደጋገም አለበት። «ስድስት ቦታ ላድርገው ካልሽ መጀመሪያ ዙሩን ቁጠሪ፣ ልጄ» አሏት ወስፌያቸውን ይዘው። ቆጠረች፤ አርባ አራት መርፌ ሆነ። ለስድስት አካፈለችው፤ ለእያንዳንዱ ሰባት ደረሰና ሁለት ተረፈ። «እነዚያ ሁለቱ በየቦታቸው ካልገቡ ቀዩ ከቀይ ጋር ይጋጫል፣ ዙሩ ሲዘጋ ያስታውቃል» አሉና ሁለቱን በተለያየ ቦታ እንዴት እንደሚያስገቡት አሳዩዋት። ከዚያ ወዲያ ቀሪ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም። ብቃቱ ያው መንግሥት የጻፈው ነው፤ ልጁ አንድን ቁጥር በባለ አንድ አኃዝ ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ይናገራል። ምሳሌውን የሰጠን ግን ጎረቤት ነው።

አካባቢ ሳይንስም እንደዚሁ ነው። ከፈላና በር ወጣ ብሎ ማታ ማታ ጅብ ይቀለባል፤ ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ የሚያየውን ልጆቻችን ከተወለዱ ጀምሮ ያዩታል። ታናሹ የጅብ ኩስ ለምን ነጭ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጅብ አጥንት ስለሚፈጭ፣ በአጥንቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ስለሚወጣ ነው። ከዚህች አንዲት ጥያቄ ስለ ጥርስ፣ ስለ ምግብ መፈጨት፣ ጅብ ከተማውን ከጥንብ እንደሚያጸዳ፣ በግንቡ ግርጌ ጅብ ሾልኮ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ለምን እንደተተዉ ስናወራ ሳምንቱ አለቀ።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ንባብ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሐረሪን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ አላነበቡም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። እኔ ሁለቱን ቁጥሮች ለያይቼ ማየት አልችልም። ሁለተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ምዕራፉ በካላንደር እየተገለበጠበት፣ እሱ ባለበት ቆሞ ክፍል ይቆጥራል።

ልጅ ሳይችል እንዳያልፍ ማድረግን አባቶቻችን ያውቁበት ነበር። የኔታ ለልጁ ሀሁን ካስቆጠሩት በኋላ ወደ ንባብ ከመግባቱ በፊት አቡጊዳን ያስጠኑት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሀሁን በዜማ የያዘ ልጅ ፊደሉን ሳያይ በቦታው ብቻ ሊጠራው ይችላል። አቡጊዳ ላይ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ዘሩም ድምፁም ስለሚለወጥ ዜማው አያድነውም፤ ፊደሉን ማወቅ ግድ ነው። እዚህ ሐረርም ከቢሩ (የቁርኣን መምህሩ) ቤት ቁርኣን የሚቀራ ልጅ በሉሑ፣ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ካላወቀው አይታጠብለትም፤ ሲያውቀው ታጥቦ ሌላ ይጻፍለታል። ሁለቱም ቤት ልጁ የሚያልፈው ሲችል እንጂ ጥቅምት ስለደረሰ አይደለም። እኔም ለታናሹ ፊደሎችን በካርቶን ቆርጬ አደበላልቄ ነው የማስነብበው፤ ከገበያ የተገዛው በሥዕል ያጌጠ የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዘምረው ነበር የከረመው።

ሐረር ላይ የንባብ ጉዳይ ሌላም መልክ አለው። ልጆቻችን ቤት አማርኛ፣ መንገድ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ጎረቤት ሐረሪ ይሰማሉ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ሐረሪ በእኛው ፊደል ይጻፋል። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተሰቀሉት ታፔላዎች ሦስቱንም ይዘዋል፤ ከዚያ የተሻለ ነጻ የንባብ መጽሐፍ አላገኘሁም። ልጄ አማርኛውን አንብባ ስትጨርስ ሐረሪውን፣ ሙሉ ትርጉሙን ባታውቀውም፣ ድምፁን አውጥታ ታነበዋለች፤ ከዚያ ትርጉሙን ጎረቤት ትጠይቃለች። ስለ ቁቤ ግን አቋም አለኝ፤ አንደኛው ጽሕፈት ሳይደናቀፍ እስኪነበብ ድረስ ሁለተኛውን ማጣደፍ ልጁን ሁለቱንም ያሳጣዋል። የትኛው ይቅደም የሚለውን ቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ይወስን።

አንዳንድ ወላጆች፣ በተለይ የተሻለ ገቢ ያላቸው፣ ከውጭ የመጣ የቤት ውስጥ ትምህርት ጥቅል ይመርጣሉ። ጥሩ ነገር አለው፤ ትምህርቱ አጭር አጭር ነው፣ ልጁ ያነበበውን መልሶ በራሱ አፍ እንዲናገር ይጠይቃል፤ ይህንን እኔም ወስጄዋለሁ። ነገር ግን ክብደቱን በፓውንድ፣ ርዝመቱን በኢንች፣ ገንዘቡን በዶላር ይቆጥራል። ልጁ ሸዋ በር ገበያ ሄዶ የሚያገኘው ግን ኪሎና ብር ነው። ዘዴውን ወስዶ ምሳሌውን የሚለውጥ ወላጅ ያተርፋል፤ እንዳለ የሚጠቀም ግን ልጁን ከገዛ ሰፈሩ እንግዳ ያደርገዋል።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ላላቸው ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። ቀኑን ሙሉ ገበያ የምትውል እናት የእኔን ያህል መቀመጥ አትችልም። ነገር ግን መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ እያስተማረ፣ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺት በቴሌግራም እየላኩ፣ ያቺው እናት «ልጄ ምን ማወቅ አለበት?» ብላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ዝርዝር ቢኖራት ማታ እራት እየሠራች «እስቲ ይህንን አንብብልኝ» ማለት ትችል ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ብትሆን እንኳ ዝርዝሩን ታላቅየው ልጇ ያነብላት ነበር።

«ከመጽሐፉ ከወጣ ፈተና ይወድቃል» የሚለውን ስጋት ግን አልቀበለውም። ማካፈልን በስፌት ያወቀ ልጅ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ማካፈል ሲመጣበት አይጠፋውም። የሚጠፋው ያልገባውን ሸምድዶ ፈተና ለገባው ነው።

ስለዚህ የክልላችንን ትምህርት ቢሮ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ለእያንዳንዱ ክፍል በአንድ ገጽ፣ በንባብና በሒሳብ ልጁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ምን መቻል እንዳለበት ይጻፍልን። በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ ባለሙያ ብቻ በሚገባው ቋንቋ ሳይሆን «ልጁ ይህንን አንቀጽ ሳይቆም ያነባል» በሚል ዓይነት ይጻፍ፤ አንቀጹም አብሮ ይቀመጥ፤ ወላጅ እዚያው ሊፈትነው ይችላል። በቀበሌና በትምህርት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። የምዝገባ ሰሞን ወላጅ ሁሉ በአካል ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ልጁን አስመዝግቦ ሲወጣ ከደረሰኙ ጋር ያንን ገጽ ይስጡት።