ስም ያጣ አጥንት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው አይሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት መጥፋቱ አይዘነጋም። በሳምንቱም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጸሎተ ፍትሐት የደረሰው በድን በሌለበት ሣጥን ላይ ነበር። ልጅ የዘሩን ምልክት እኩሌታውን ከአባቱ እኩሌታውን ከእናቱ ይወርሳልና፥ በኋላ ሊቃውንት የተለቀመውን አጥንት ዲ ኤን ኤ ከዘመድ ጋራ አመሳክረው የሙታኑን ማንነት ለዩ።

ይህ ጥበብ ወንጀለኛን ይገልጣል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በወንጀል ምርመራ ሲጀመርም አስቀድሞ ያዳነው ንጹሑን ሰው ነበር። ነገር ግን መሣሪያው የሚመሰክረው ስለ ተሰጠው ናሙና ብቻ ነው። ናሙናውን አንሥቶ የሚያሽገው ሹም ጽሕፈቱን ቢያሳስት፥ በሳሊተ ምሕረት ደብር ለቀብር የቆመው ካህን በአንዱ መቃብር ላይ የሌላውን ስም ይጠራል። ስለዚህ ለመሣሪያው የሚታሰበውን ያህል፥ ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ለሚጻፍበት መዝገብም ሊታሰብ ይገባል።