አውራጃዎች ከምክር ቤት ፊት ሊያስቀድሙት ስለሚገባ ጉዳይ

በአሜሪካ የካሊፎርንያ ግዛት 58 አውራጃዎች አሉ፤ እነዚህም በየዓመቱ መልክተኞቻቸውን ወደ ሳክራሜንቶ እየላኩ የመንገዱን፥ የሐኪም ቤቱንና የወህኒ ቤቱን ጉዳይ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ያመለክታሉ። ጥያቄው ሁሉ የተገባ ነው። ነገር ግን ከሁሉ መቅደም የሚገባው የእርሻ መሬት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የወጣው፥ የዊልያምሰን ሕግ የተባለው፥ ባለርስቱ መሬቱን ለ10 ዓመት ለእርሻ ሊያውል ከአውራጃው ጋራ ቢዋዋል፥ ግብሩ በገበያ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ከእርሻው በሚገኘው ጥቅም ልክ እንዲታሰብለት ፈቀደ። ውሉም በየዓመቱ ይታደሳል። በዚህ ምክንያት ከአውራጃው ገቢ የሚጎድለውን የግዛቱ መንግሥት በከፊል ይተካ ነበር። በ2009 ግን ገንዘብ ስለ ቸገረ ለመተኪያው የተመደበው 1,000 ዶላር ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ላንድ አውራጃ ሳይሆን ለሁሉም ነው! በሚከተለው ዓመት የኢምፔሪያል አውራጃ ውሎቹን ላለማደስ ቆረጠ።

በ2011 የወጣው ሕግ አውራጃዎች ውሉን ወደ 9 ዓመት አሳጥረው፥ ባለርስቱ ከግብር ካተረፈው ከመቶ 10 እጅ እንዲያስከፍሉ ፈቀደ። ይህ ግን የመንግሥቱን ዕዳ ወደ ባለርስቱ ማዛወር ነው። የተበላሸ መንገድ በሚመጣው ዓመት ይጠገናል፤ ቤት የተሠራበትን እርሻ ግን ማረሻ ተመልሶ አያገኘውም። ስለዚህ መልክተኞቹ መተኪያው በሕግ ጸንቶ እንዲመለስ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በየአውራጃው በውል የታሰረውን መሬት ስፋትና የጎደለውን ግብር ጽፈው ከአቤቱታው ጋራ ያያይዙ።