ሐብል ሳይጠፋ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይላክ

«ጄምስ ዌብ እያለ ሐብል ምን ይሠራል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። አዲስ መኪና ከተገዛ አሮጌው ይሸጥ እንደማለት ነው። ሁለቱ ግን የሚያዩት ብርሃን የተለያየ ነው። ዌብ የተሠራው ለኢንፍራሬድ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨርሶ አያይም። ከምድር ሆኖ ማየትም አይቻልም፤ ቆዳችንን የሚጠብቅልን ኦዞን ያንን ብርሃን ያስቀረዋል።

ታዲያ ምን ይቀርብናል? ካይ ሉፒ የምትባል፣ በባዶ ዓይን የምትታይ ኮከብ አለች። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እነ ዴቪድ ሌክሮን አልትራቫዮሌት ብርሃኗን በሐብል ስፔክትሮግራፍ እጅግ በቀጭኑ ተንትነው ሲያዩት፣ ገጽዋ ላይ ያለው ሜርኩሪ ከፀሐይ 100 ሺህ እጥፍ ገደማ ሆነ። ወርቅና ፕላቲነምም ከልክ በላይ አላት። ይባስ ብሎ ሜርኩሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ ሜርኩሪ-204 የሚባለው ከባዱ አይሶቶፕ ነው። እኛ ቴርሞሜትር ውስጥ በምናውቀው ሜርኩሪ ይህ ዓይነቱ ከመቶ 7 እንኳ አይሞላም!

ኮከቧ ግን ይህን ሁሉ ሜርኩሪ አላመረተችም። በዝግታ ስለምትዞር የላይኛው ሽፋኗ የረጋ ነው። በዚያ እርጋታ ውስጥ ከሥር የሚወጣው ብርሃን አንዳንዱን አተም ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ስበት ሌላውን ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ ገጽዋ ላይ የምናየው የውስጧን ስሪት አይነግረንም። እኛ ደግሞ ኮከቦች ከምን እንደተሠሩ የምንናገረው በአብዛኛው ገጻቸውን አይተን ነው። የት ላይ እንደምንሳሳት የሚያሳዩን እንደ ካይ ሉፒ ያሉት ናቸው፤ የብዙዎቹ ከባድ ንጥረ ነገሮች ጠንካራ መስመርም ያለው አልትራቫዮሌቱ ውስጥ ነው።

ሐብል በ1990 መጠቀ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠገነው በ2009 ነው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ በአንድ ጃይሮስኮፕ ይሠራል። የግል በረራ ሄዶ ምህዋሩን ከፍ ያድርገው የሚለውን ሐሳብ ናሳ ለጊዜው አልተቀበለም። አደጋውን ፈርቶ ከሆነ አልፈርድበትም። የማልቀበለው ትልቁን ተተኪ እንጠብቅ የሚለውን ነው፤ እሱ ቢፈጥን በ2040ዎቹ ነው። በ2030 ይመጥቃል የተባለ ዩቬክስ አለ ትሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ ግን ስፔክትሮግራፉ ለእንዲህ ያለ ቀጫጭን መስመር አልተሠራም።

ደማቅ ኮከብ ለማጥናት ደግሞ ግዙፍ መስታወት የግድ አይደለም። በ1978 የመጠቀው አይዩኢ መስታወቱ 45 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር፤ እስከ 1996 ድረስ ሠርቷል።