ስድብ ሥልጠና አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን የፍሎሪያ ሲጂስሞንዲን «ዘ ረናዌይስ» ፊልም የሚያወድስ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ክሪስተን ስቱዋርት ጊታሪስቷን ጆን ጄትን፣ ዳኮታ ፋኒንግም ዘፋኟን ቼሪ ከሪን ሆነው ጥሩ ተጫውተዋል፤ እሱን አልክድም። የኔ ንዴት ሌላ ነው። ፊልሙ በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዚሁ ስም ባንድ መሥርተው፣ ጊታርና ድራም ይዘው የወንዶችን ሰፈር የደፈሩ አምስት ልጃገረዶችን ታሪክ ይዞ ይነሳና፣ ምስጋናውን ላሰቃያቸው ሰውዬ ያስረክባል።

አንዱን ትዕይንት ልጥቀስ። ልጆቹ አንዲት አሮጌ ተጎታች ቤት ውስጥ ይለማመዳሉ። ማናጀራቸው ኪም ፋውሊ የሰፈር ጎረምሶችን ሰብስቦ ቆሻሻ ያስወረውርባቸዋል። ስድቡ ይዘንባል፤ እነሱ እየጎነበሱ ይጫወታሉ። ለምን? መድረክ ላይ ለሚጠብቃቸው ተመልካች እንዲጠነክሩ ነው አሉ! ካሜራውም ነገሩን እንደ ጨዋታ ያሳየናል፤ ሙዚቃው ይሞቃል፣ እኛም እንድንስቅ ይጠበቅብናል። እኔ አልስቅም። ባንዱ ሲቋቋም ከመካከላቸው 18 የሞላት አንዲትም አልነበረችም፤ ቼሪ ገና 15 ዓመቷ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን አፍ የሚያስከፍተው ንግግር ሁሉ የፋውሊ ነው። እሱን የሚጫወተው ማይክል ሻነን ሲያወራ ልጆቹ አዳማጭ ይሆናሉ።

ቤዝ ጊታር ተጫዋቿንስ ወዴት አደረሷት? ጃኪ ፎክስ ታሪኬን አትጠቀሙ ስላለች፣ ሮቢን የምትባል የፈጠራ ልጅ ተክተው ጥግ አስይዘዋታል። በ2015፣ ፋውሊ በሞተ በወራት ውስጥ፣ ጃኪ ለአርባ ዓመት ያህል ያፈነችውን አወጣችው፦ የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ እንደደፈራት ተናገረች። ፊልሙ ከዚያ ቀድሞ መሠራቱን አውቃለሁ። ግን በልጆች ላይ ቆሻሻ የሚያስወረውር ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ለመገመት የ2015ን ዜና መጠበቅ ያስፈልግ ነበር?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የድራመሯ የሳንዲ ዌስት ነገር ነው። ባንዱ የተጠነሰሰው ጆን አውቶቡስ እየቀያየረች ሳንዲ ቤት ድረስ ሄዳ፣ አንዷ በጊታር አንዷ በድራም የገጠሙ ዕለት ነው። ፊልም የሚወጣው እኮ ከዚህ ነበር! እነሱ ግን ድራመሯን ከጀርባ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከቼሪ የውስጥ ልብስ ላይ መንቀል አቃታቸው። ሳንዲ በ2006 በካንሰር ሞተች፤ ፊልሙን አላየችውም። ያገኘችው ጆሮ የባንድ ጓደኛዋን ነው፤ ከጃኪ ቀጥላ ቤዝ የተጫወተችው ቪኪ ብሉ በ2004 ባወጣችው ዘጋቢ ፊልም አስቀምጣ በደንብ አናግራታለች።

«ፊልሙ የተመሠረተው በቼሪ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ጆን ጄትም ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር ነበረች፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» የሚሉኝ አሉ። ያሳደገውን ዱላ የሚያመሰግን ሰው በየቤታችን ሞልቷል። በመመስገኑ ግን ዱላ መሆኑ አይቀርም።

ደግሞስ ያ ሁሉ መከራ ምን አተረፈላቸው? ባንዱ በ1979 ፈረሰ። ጆን የሙዚቃ ኩባንያዎችን ደጅ ጠንታ እምቢ ስትባል፣ ከፕሮዲዩሰሩ ኬኒ ላጉና ጋር ብላክኸርት የተሰኘ የራሷን ኩባንያ አቋቋመች። በ1982 ዘፈኗ «አይ ላቭ ሮክ ኤንድ ሮል» በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ 7 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በዚያው ዓመት፣ ከዚያችው ሎስ አንጀለስ የወጡት የሴቶች ባንድ ጎ ጎስ ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው በተጫወቱት አልበም የአልበሞችን ሰንጠረዥ አንደኝነት ያዙ። ለዚያ ያበቃቻቸው ማናጀር ጂንጀር ካንዞኔሪ የምትባል ሴት ነበረች። ፋውሊ በሁለቱም ድል ውስጥ የለም። ታዲያ ሴቶች ያለ ጨካኝ አሳዳሪ ለወግ አይበቁም ያለን ማን ነው?

የፊልም ሰዎች ሆይ፣ ስለ ሴቶች ባንድ ስትሠሩ ዘፈኑን ማን እንደደረሰ፣ ድራሙን ማን እንደመታ፣ ውሉን ማን እንዳስፈረመ፣ ገንዘቡን ማን እንደበላ አሳዩን። ይህ ካልጣማችሁ ልጆቹን ተዉአቸው፤ በግልጽ የሰውዬውን ሕይወት ሥሩና ፖስተሩ ላይ የሱን ፎቶ ለጥፉ። ቢያንስ ምን እንደምትሸጡልን አውቀን እንገዛለን።