የጋራ ቢሮ ለጉብሬ

የጋራ ቢሮ ኪራዩን፣ መብራቱንና ኢንተርኔቱን ተካፍለው የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ቦታ ነው። የዛሬ መልኩን የያዘው በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሆን፣ በአገራችን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. (2011 እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አይስአዲስ የሶፍትዌር ባለሙያውን፣ ዲዛይነሩንና ጀማሪ ነጋዴውን አንድ ጣሪያ ሥር አገናኝቷል። ከዓመታት በኋላ በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የተቋቋመው ብሉሙን የተባለ ማዕከል ተከተለ።

ወንበርና ጠረጴዛ መደርደር ቀላል ነው። ሰዎቹን ማኅበር የሚያደርጋቸው ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ማየቱ፣ ሳምንታዊ ውይይቱ፣ ከሁሉም በላይ አዲስ መጪውን ከነባሩ የሚያስተዋውቅ አስተባባሪ መኖሩ ነው። ብዙ የጋራ ቢሮ ይህን አስተባባሪ ረስቶ ተራ የኪራይ ክፍል ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ቢሮ ለጉራጌዋ ከተማ ለጉብሬም ይስማማል፤ ጉብሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ለጉራጌ መንደርም የጋራ ቦታ እንግዳ አይደለም፤ ሠርጉም ለቅሶውም ጨዋታውም የሚካሄድበት ሰፊው የመንደር ጎዳና፣ ጀፎረ፣ የማንም የግል ይዞታ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ከአጥሩ ውጭ፣ የከተማው እንጨት ሠሪና ልብስ ሰፊ ያለ መታወቂያ ወረቀት የሚገባበት አንድ አዳራሽ ቢከፍት፣ ኪራዩን ተጠቃሚዎቹ ቀስ በቀስ በወርሃዊ መዋጮ ሊረከቡት ይችላሉ።