ክረምቱና በጀቱ

የአዲስ አበባን አስፋልት ከሁሉ በላይ የሚገድለው ውኃ ነው። የከባድ መኪና ድርሻም ቀላል አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በተካሄደ ሰፊ የመንገድ ሙከራ፣ በአንድ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ታይቷል። ከልኩ በላይ አሸዋ ጭኖ በሌሊት የሚገባ ገልባጭ ምን እንደሚያደርስ ከዚህ መገመት ይቻላል። ያው ገልባጭ ግን ደረቅ መንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና ውኃ የጠጣ መንገድ ላይ የሚያደርሰው አይገናኝም።

ግንቦት ላይ በሰፈራችሁ አስፋልት አንድ ስንጥቅ ፈልጋችሁ ልብ በሉት። ከጸጉር ብዙም አይወፍርም፤ ማንም አያየውም። ሐምሌ ላይ ስትመለሱ በዙሪያው ነጣ ያለ ጭቃ ተተፍቶ ታገኛላችሁ። ያ ጭቃ ከላይ የመጣ አይደለም። ውኃው በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ያለውን ጠጠርና ገረጋንቲ አርሶታል፤ ጎማ በረገጠው ቁጥር ደቃቁ አፈር ከውኃው ጋር እየተገፋ ይወጣል። አስፋልቱ ራሱ ጥቂት ሳንቲሜትር ሽፋን ነው፤ አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው ሥሩ ነው። ሥሩ ሲቦረቦር ሽፋኑ ይሰምጣል፣ ይቆራረሳል፤ ነሐሴ ላይ ሚኒባሶች እሱን ሽሽት የሰው መስመር ውስጥ የሚገቡበት ጉድጓድ ይሆናል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ደግሞ መረሬው አፈር በክረምት እያበጠ፣ በበጋ እየተሰነጠቀ ነገሩን ያባብሰዋል።

ውኃው መንገዱ ላይ የሚተኛው መሄጃ ስላጣ ነው። ዲቹን ከፍታችሁ ብታዩት ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ከግንባታ የተራረፈ አሸዋና ደርቆ የቀረ ሲሚንቶ ሞልቶታል። ይህን ማጽዳት አካፋና የሰው ጉልበት እንጂ ከውጭ የሚመጣ ማሽን አይጠይቅም።

ሌላው ቁስል ቁፋሮ ነው። አዲስ የተነጠፈ መንገድ ለቧንቧ ወይም ለኬብል ይቆረጥና ልቅ አፈር ተሞልቶበት፣ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ይተዋል። ኮብልስቶን በዚህ በኩል ይሻላል፤ ድንጋዩ ተነቅሎ መልሶ ይነጠፋል። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት መስመሮችን ከመሬት በታች አስቀድሞ መቅበሩም ትክክለኛ ሥራ ነው፤ በሌሎቹ መንገዶችም ሊለመድ ይገባል።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ክረምቱ በሚበረታበት ወር ማለት ነው። አስፋልት በዝናብ አይነጠፍም፤ ስንጥቅም እርጥብ ሆኖ አይደፈንም። ከዚያ ጨረታው፣ ውሉ፣ የሬንጅ ግዢው ይከተላል፤ በጋው ጉድጓድ በመሙላት ያልቃል። ስንጥቅ የሚደፈንባቸውና ዲች የሚጠረግባቸው ሚያዝያና ግንቦት ሲደርሱ ዓመቱ ሊዘጋ ነው፤ ገንዘቡም ተሟጧል። ሁልጊዜ የምንከፍለው ያለፈውን ክረምት ዕዳ ነው፤ ለሚመጣው አንዘጋጅም።

ለጥገና ገንዘብ መመደብ እንግዳ ነገር አይደለም። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ አሽከርካሪው ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ለጥገና ይከፍላል። የዓለም ባንክም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ባወጣው ዓመታዊ የልማት ሪፖርቱ፣ አፍሪካ 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ብታውል ኖሮ በአሥር ዓመት ውስጥ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ታድን እንደነበር አስልቶ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሪፖርት አያስፈልገውም።

ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት የሚመጣውን በጀት ሲያጸድቅ ከጥገናው ገንዘብ የተወሰነውን ለሚያዝያና ለግንቦት ብቻ ይለይልን፤ ለሌላ ሥራም አይዛወር። እያንዳንዱ ወረዳ የትኛው ዲች እንደተጠረገና የትኛው ስንጥቅ እንደተደፈነ ሰኔ ሳይገባ ለነዋሪው በይፋ ያሳውቅ። እኛም ነዋሪዎች ዝርዝሩን ይዘን በየሰፈራችን ወጥተን እናረጋግጥ።